የቪትዝ የፊት ባምፐር ከስር ተፍቆ አለቀ፣ አዳማ ላይ እንዴት ላሠራው?

ብርማዋ ቪትዝ፦

ሰላም ቤተሰብ። አንድ ነገር ላማክራችሁ። ከአራት ወር በፊት ያገለገለች ብርማ ቪትዝ ገዛሁ። ሞተሯ ንጹህ ነው፣ ውስጧም ንጹህ ነው። ግን ዝቅ ያለች ናት። የበፊቱ ባለቤት የፊት ሞላዋን አስቆርጦታል፣ ከባምፐሩ ስር ደግሞ ጥቁር የፕላስቲክ ከንፈር አስገጥሞላታል። ስገዛት ቁመናዋን ወድጄው ነበር። አሁን ግን ከግቢ በወጣሁ ቁጥር መሬት ትፍቃለች።

ቤታችን ፍራንኮ አካባቢ ነው። ከበሩ ፊት የጎርፍ ቦይ አለ፣ በላዩ የኮንክሪት ክዳን አለው። ከክዳኑ ወደ ኮብልስቶኑ ስወርድ አፍንጫዋ መሬቱን ይነካዋል። የዚያን ድምፅ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ጥርስ ያስነክሳል። ቀስ ብዬም ብወርድ ለውጥ የለውም።

ትናንት ካርቶን አንጥፌ ከስሯ ተኛሁና በስልክ መብራት በደንብ አየኋት። በቀኙ ጥግ መዳፌን የሚያህል ቦታ ቀለሙ ሙሉ ለሙሉ ሄዶ ጥቁሩ ፕላስቲክ ወጥቷል፣ ፕላስቲኩም ጸጉር ያወጣ ይመስላል። መሀሉ ላይ ረጃጅም ጭረቶች አሉ፣ ጥቂቶቹ ከላይ ከላይ ናቸው። በግራ በኩል ከታች የጣት ርዝመት ያላት ስንጥቅ አለች። ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። አንዱ ጠርዝ ላይ ቀለሙን በጥፍሬ ነካ ሳደርገው፣ ከስሩ ካለው ስቱኮ (ጉድጓድ መሙያው ልጥፍ) ጋር እንደ እንቁላል ቅርፊት ተነስቶ እጄ ላይ ቀረ። ሌላ ሰው በፊትም አሠርቷታል ማለት ነው።

ሦስት ቦታ ጠይቄ ሦስት መልስ አገኘሁ። አንዱ «ስቱኮ አድርገን እንቀባታለን፣ ጠዋት አምጣት ማታ ትወስዳታለህ» አለኝ። ሌላው «ይሄ አይሠራም፣ አዲስ አበባ መለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ ሄደህ ያገለገለ ባምፐር ግዛ» አለኝ። ሦስተኛው በቴሌግራም ፎቶ አይቶ ዋጋ ነገረኝ፣ እንዴት እንደሚሠራው ስጠይቀው ግን መልስ አልሰጠኝም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የእህቴ ሰርግ ነው፣ መኪናዋን ለሚዜዎች ቃል ገብቻለሁ። የትኛውን ልመን? ራሴ መሥራት የምችለው ነገርስ አለ?


የወንጂ መንገደኛ፦

እንኳን ደስ አላችሁ ለሰርጉ! ከላይ ከላይ ናቸው ያልካቸውን ጭረቶች ለማንም ብር አትክፈልባቸው። ጥፍርህን በጭረቱ ላይ አቋርጠህ ሳብ አድርገው። ጥፍርህ ካልተያዘ ጭረቱ ያለው ክሊሩ ላይ፣ ማለትም ከቀለሙ በላይ ባለው ግልጽ ሽፋን ላይ ብቻ ነው፣ በፖሊሽ ይወጣል ወይም በጣም ይደበዝዛል። ጥፍርህ ከተያዘ ወደ ቀለሙ ዘልቋል፣ ያኔ ፖሊሽ አያድነውም።

ደግሞ ጭረት የሚመስል ጭረት ያልሆነ ነገር አለ። የእኔ መኪና ላይ ነጭ መስመር አይቼ ደንግጬ ነበር፣ ለካ የመንገዱ ጠርዝ ቀለም ነው የተለጠፈብኝ። በንጹህ ጨርቅ ትንሽ ፖሊሽ አድርጌ ሳሸው ጠፋ። መጀመሪያ በሳሙና አጥበህ እሱን ለይ። አቧራውን ሳታጥብ በደረቅ ጨርቅ ካሸኸው ግን በአንድ ጭረት ፋንታ መቶ ትጨምርበታለህ።


ቀለም ቀቢው፦

ወንድሜ፣ እዚሁ አዳማ ከቀለም ጋር ሃያ ዓመት አልፎኛል። ያ እንደ እንቁላል ቅርፊት የተነሳው ስቱኮ ዋናውን ነገር ራሱ ነግሮሃል። ሰው ፓራውልቱ፣ ማለትም ባምፐሩ፣ ተቀብቶ በስድስት ወር ሲላጥበት ቀለሙን ይረግማል። ጥፋቱ ያለው ግን ከቀለሙ ስር ነው።

የቪትዝ ፓራውልት ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ ነው የሚሠራው። የመኪና ባትሪ ሣጥንም ከዚሁ ዘር ነው። ይሄ ፕላስቲክ ክፉ ጠባይ አለው፣ ማስቲሽም ስቱኮም ቀለምም በላዩ አይያዝለትም። ፓራውልቱ ሲወልቅ ጀርባውን እይ፣ ሁለት ቀስት በሚመስሉ ምልክቶች መሀል የታተመ የፈረንጅ ፊደል ታገኛለህ። ፒፒ የሚል ካለበት እሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከጎኑ ኢፒዲኤም ይጨመርበታል፣ ጎማ ተቀላቅሎበታል ማለት ነው። ሲገጭ ታጥፎ እንዲመለስ ተብሎ ነው እንደዚያ የተሠራው። ያ ጥቁሩ ከንፈር ግን ምናልባት ከሌላ ነገር ይሆናል፣ ፋይበርም ሊሆን ይችላል፣ አሠራሩ ስለሚለያይ ለብቻው እየው።

አሁን እዚህ ላይ ልብ በል። ለላሜራ የሚሠራው ስቱኮ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። ላሜራ ላይ ጥሩ ነው። ፓራውልት ግን መሬት ሲነካ ይታጠፋል፣ ድንጋዩ አብሮት መታጠፍ ስለማይችል ይለቃል። ያንተም የለቀቀው በዚህ ነው፣ ከስሩም የፕላስቲክ ፕራይመር (ስቱኮና ቀለም እንዲይዝ ቀድሞ የሚረጨው) አልተደረገበትም። ስለዚህ የሚቀባልህን ሰው ስለ ዋጋ ከመጠየቅህ በፊት ሁለት ነገር ጠይቀው። የፕላስቲክ ፕራይመር አለህ ወይ? ስቱኮህ ለፕላስቲክ የሚሆነው፣ የሚለጠጠው ነው ወይ? ዓይን ዓይንህን ካየህ ምስጋናህን አቅርበህ ሂድ።

አሠራሩን ልንገርህ፣ ራስህ ባትሠራውም እንድታውቀው። መጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል። ከዚያ በቅባት ማጽጃ ይጠረጋል፣ ይሄ የግድ በብርጭቆ ወረቀት ከመፈግፈጉ በፊት ነው። ለምን? መኪና ማጠቢያ ቤቶች ፕላስቲክ የሚያጠቁሩበት ፈሳሽ ሲልከን አለበት። ሳይጠረግ ከፈገፈግከው ሲልከኑን ወደ ውስጥ ትቀብረዋለህ፣ በኋላ ቀለሙ እየሸሸ ዓሣ ዓይን የመሰሉ ጉድጓዶች ያወጣብሃል። ያ ጸጉር ያልከው ደግሞ የፒፒ ጠባይ ነው፣ ሲፈገፈግ ይብስበታል። እሱን በስለታም ምላጭ ቀስ ብለህ ትላጨዋለህ።

ከዚያ የተላጠው የስቱኮ ጠርዝ በሙሉ ይነሳል። ይነሳል ስልህ በጥፍር የማይነሳ ቦታ እስክትደርስ ድረስ ነው፣ ግማሹን ትተህ በላዩ ብትቀባ ከጎኑ መላጡ አይቀርም። በ180 ወረቀት ተጀምሮ በ320 ይለሰልሳል፣ ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለዝባል። ባዶ ፕላስቲክ የወጣበት ቦታ ሁሉ ላይ የፕላስቲክ ፕራይመሩ ስስ ሆኖ ይረጫል። ቀጥሎ የሚለጠጠው ስቱኮ፣ እሱም ስስ። ከዚያ መሙያ ፕራይመር፣ በ600 ውሃ እየተደረገ ይስተካከላል። በመጨረሻ ቀለም፣ በላዩ ክሊር። በአንዱ ዙርና በሌላው መካከል ጣሳው ላይ የተጻፈውን ያህል ደቂቃ ይጠበቃል። ይሄ ሁሉ ጠዋት ገብቶ ማታ አይወጣም። ቢያንስ ሁለት ቀን ስጠው፣ ሦስት ቢሆን ደግሞ ጥሩ።

ስንጥቋ በስቱኮ አትደፈንም። ጫፏ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፣ ስንጥቁ ወደ ፊት እንዳይሄድ ያቆመዋል። ከዚያ ከጀርባ በኩል በጋለ ካውያ ይበየዳል፣ ስስ የብረት ወንፊት ተቀብሮበት። የሚጨመረው ፕላስቲክ የግድ ፒፒ መሆን አለበት፣ ሌላ ዓይነት ከሆነ አይዋሃድም። እኔ ከተጣለ የድሮ ፓራውልት ቆርጬ ነው የምጠቀመው።

አንድ የአዳማ ነገር ልጨምርልህ። እዚህ ትልቁ ጠላታችን ነፋስ ነው። እነዚያ ተርባይኖች ኮረብታችን ላይ የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ የተቀባ ቀለም አሸዋ ነው የሚመስለው፣ እጅህን ስታሳልፍበት ይሻክርሃል። እኔ በማለዳ ነው የምረጨው፣ ቤት ውስጥ፣ ወለሉን ውሃ አርከፍክፌ። ሙቀቱም አለ። ክሊሩ ሳይዘረጋ ከደረቀ ላዩ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሆናል፣ ስለዚህ ለሙቀት የሚሆን ቀስ ብሎ የሚደርቅ ቲነር ያስፈልጋል። ቀቢህን የት ነው የምትረጨው ብለህ ጠይቀው። ዛፍ ስር ካለህ ሌላ ፈልግ።


የአሥራ ሦስቱ ጎማ፦

ሰው ለምን ይሄን ያህል ይደክማል? ያገለገለ ባምፐር ገዝቶ መግጠም ነው። በግማሽ ቀን ያልቃል።


ቀለም ቀቢው፦

ያገለገለም ይገዛል፣ አልተቃወምኩም። ግን የምትገዛው ሌላ ሰው የፋቀውንና ስቱኮ የሞላውን ሊሆን ይችላል፣ ቀለሙም ካንተ ጋር ከገጠመ ዕድለኛ ነህ። ስለዚህ ያው መቀባቱ አይቀርም። ባምፐር መቀየር የሚያስፈልገው ጎንና ጎን ከፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ካለው ላሜራ) ጋር የሚይዙት ጆሮዎች ሲሰበሩ፣ ወይም ቁራሹ ጠፍቶ ቀዳዳ ሲሆን ነው። ጠያቂው የነገረን ጉዳት ይሠራል። ሶማሌ ተራ የሚሄድ ሰው ግን ጀርባውን ገልብጦ ሳያይ አይክፈል። ፊቱ ተቀብቶ ያታልላል፣ ጀርባው ግን ሁሉን ያሳያል።


ምሕንድስናና ቡና፦

እኔ ስለ ቀለም አላውቅም፣ ሥራዬ ግንባታ ነው። ግን ጥያቄውን ሳነበው የመጣልኝ ሌላ ነገር ነው። ወንድሜ፣ ነገ አምሮ ቢቀባልህ ከነገ ወዲያ በዚያው በር ነው የምትወጣው። በመጀመሪያው ቀን ይፋቃል።

የመኪናው አፍንጫ የሚነካው ክዳኑ ስላለ አይደለም፣ ከክዳኑ ወደ መንገዱ ያለው ቁልቁለት በአንዴ ስለሚሰበር ነው። ፊት ጎማው ገና ሳይወርድ አፍንጫው ይቀድማል። ማዕዘኑን ማለዘብ ነው መፍትሔው። የእኛም በር እንዲሁ ነበር፣ አባቴ ዊልቸር ስለሚጠቀሙ ነው ያስተካከልነው። ከክዳኑ ጫፍ ጀምሮ ወደ መንገዱ አንድ ሜትር ያህል ቀስ እያለ የሚወርድ ተዳፋት አሠራን። ጠዋት ተሠርቶ ሳምንት አረፈ፣ በቃ።

ይሄን ስትሠራ ግን ቦዩን እንዳትደፍን አደራ። ሰው ጠጠርና ሲሚንቶ ሞልቶበት ክረምት ሲመጣ ጎርፉ የጎረቤት ግቢ ሲገባ አይቻለሁ፣ ጎረቤት ከጎረቤት የተኳረፈበት ነገር ነው። መንገዱ ላይ የሚወጣ ከሆነም ወረዳችሁን አስፈቅድ። ማስፈቀዱ ከቆየብህ የሚነሳ ነገር ተጠቀም። ሽብልቅ መስለው የሚሠሩ የጎማ መወጣጫዎች አሉ፣ ብየዳ ቤትም ከወፍራም ላሜራ ይሠሩልሃል። ስትወጣ ታስቀምጣለህ፣ ስትመለስ ታነሳለህ።

በሩ ሰፊ ከሆነ ደግሞ በሰያፍ ውጣ። አንዱ ጎማ ቀድሞ ሲወርድ አፍንጫው ሁለቱንም አቅጣጫ በአንዴ አይመታም። የመንገድ ጉብታም ላይ እንዲሁ፣ ከኋላህ መኪና ከሌለ።


ብርማዋ ቪትዝ፦

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ጋሼ ቀለም ቀቢው፣ የጻፉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዛሬ ከወንድሜ ጋር ሆነን ባምፐሩን አወለቅነው። ከላይ ኮፈኑ ስር ያሉት ክሊፖች፣ ከስር ቡሎኖች፣ በጎማው ጎድጓዳ ውስጥ ደግሞ በየጎኑ አንድ አንድ ብሎን ነበር። ከመፍታታችን በፊት ሁሉንም በስልክ ፎቶ አነሳን። ሁለት ክሊፕ ተሰበረብን፣ ፀሐይ አድርቋቸው እንደ ብስኩት ሆነው ነበር።

ጀርባው ላይ እንዳሉት ነው፣ ፒፒና ኢፒዲኤም ይላል። ጆሮዎቹ ሁለቱም ደህና ናቸው። ስቱኮውን በእጄ እያነሳሁ ሳየው ወፍራሙ ቦታ ሁለት ዝርዝር ሳንቲሞች ተደራርበው የሚያህል ውፍረት አለው። ከስሩ ፕላስቲኩ ያብረቀርቃል፣ ብርጭቆ ወረቀት ነክቶት የሚያውቅ አይመስልም።

ጥያቄዬ ስለ ቀለሙ ነው። ብርማው ይገጥማል? ኮዱ 1ኤፍ7 ነው።


ቀለም ቀቢው፦

ጎበዝ፣ ፎቶ ማንሳታችሁ ጥሩ ነው። 1ኤፍ7 የታወቀ የቶዮታ ብር ነው። ግን ብርማ ከነጭ ይከብዳል። ውስጡ ያለው የብረት ብናኝ እንዳረጫጨቱ ይተኛል፣ በእርጥብ ሲረጭ ይጠቁራል፣ በደረቅ ሲረጭ ይነጣል። ኮዱ አንድ ሆኖ ሁለት ሰው ቢረጨው ሁለት ብር ይወጣል። መኪናህም ስንት ዓመት ፀሐይ በልቷታል። ስለዚህ ቀቢው መጀመሪያ ካርቶን ላይ ረጭቶ፣ ክሊር አድርጎበት፣ ሲደርቅ ከፓራፋንጎው ጋር ውጭ በፀሐይ ያስተያየው። ጥላ ውስጥ አይደለም። ጥገናው ከታች ብቻ ቢሆንም ክሊሩ ግን ባምፐሩን ሙሉ ይልበሰው፣ መሀል ላይ የተቆረጠ ክሊር ጠርዙ ይታያል።

ራስህ መሥራት የምትችለው ማውለቁን፣ ማጠቡን፣ ስቱኮውን ማንሳቱን፣ መፈግፈጉን ነው። መርጨቱን ተወው። ለገንዘቡ ብዬ አይደለም። ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የተቀላቀለበት ክሊር ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለ፣ ሳንባ ይጎዳል፣ አስም ያስይዛል። የአቧራ ማስክ አያግደውም፣ ለቀለም መርጫ የተሠራ፣ ንጹህ አየር ከውጭ በቱቦ የሚመጣለት ማስክ ነው የሚያስፈልገው። እኔ በወጣትነቴ ጨርቅ አፌ ላይ አስሬ ነበር የምረጨው፣ ዛሬ ደረጃ ስወጣ ይታወቀኛል። አብረውኝ የጀመሩ ልጆችም እንደዚያው ናቸው። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ወጣቶች ካላችሁ እባካችሁ ማስኩን ግዙ።


ሞላና አሞርዛተር፦

ማንም ያላነሳው ስለተቆረጠው ሞላ ልናገር። እኔ መካኒክ ነኝ። የተቆረጠ ሞላ ይጠነክራል፣ ያጥራል፣ አሞርዛተሩ (ንዝረት የሚያበርደው) ደግሞ ለእሱ ቁመት አልተሠራም። ጉድጓድ ስትመታ አሞርዛተሩ ጫፍ ይደርስና ይመታል፣ ቶሎም ዘይት ያፈሳል። መኪናዋ በክሪክ ስትነሳ አጭሩ ሞላ ከመቀመጫው ሊላቀቅ ይችላል፣ ይሄ አደጋ ነው። የፊት ጎማዎችህን በውስጥ በኩል በእጅህ ዳስሳቸው፣ ከውጭው ይልቅ አልቀው ከሆነ ምክንያቱ ይሄው ነው።

ለዚህች ሞዴል የፋብሪካ ቁመት ያለው ሞላ ይገኛል። ሁለቱንም ፊት አብረህ ቀይር፣ ከዚያ አላይመንት አሠራ፣ የፊት መብራቱንም ከፍታ አስተካክል። ሞላው ሲመለስ አፍንጫዋ ከፍ ስለሚል ግማሹ የበር ችግር ያን ቀን ይቃለልልሃል። ቁመናዋን እንደምትወደው ገብቶኛል። ግን ሚዜዎች አራት ሆነው ሲገቡባት ደግሞ ትወርዳለች፣ አስብበት።


ቻርጅ ላይ፦

ጥያቄው የእኔ ባይሆንም ለሌሎች ልጨምር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ የሚነዱ የቤት መኪኖችን ማስገባት ከተከለከለ በኋላ ብዙዎቻችን ኤሌክትሪክ ይዘናል። ራሱ ፍሬን የሚይዝ፣ ከፊት ያለውን መኪና እያየ ፍጥነት የሚቀንስ ካላችሁ፣ ራዳሩ ብዙ ጊዜ ከፊት ባምፐሩ ወይም ከአርማው ጀርባ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ወፍራም ስቱኮና የተደራረበ ብረታማ ቀለም ራዳሩን ያሳውረዋል። ከማስነካታችሁ በፊት የመኪናውን መመሪያ እዩ። ባትሪውም ከስር ስለሆነ ከታች መሬት ሲነካባችሁ ባምፐሩን ብቻ አይታችሁ አትለፉ፣ የባትሪውን መከላከያም ተኝታችሁ እዩት።


ብርማዋ ቪትዝ፦

ከ13 ቀን በኋላ ተመለስኩ። የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሞላው። ጎማዎቹን ስዳስሳቸው መካኒኩ እንዳለው ነው፣ የውስጡ ጠርዝ ልሙጥ ሆኗል። ሞላውን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፣ ሁለቱም ተቀየሩ፣ አላይመንት ተሠራ። ጥቁሩን ከንፈር አነሳሁት። ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ሁለተኛው በሩ። ለጊዜው ብየዳ ቤት ሁለት ሽብልቅ አሠርቻለሁ፣ ለተዳፋቱ ወረዳ ማመልከቻ አስገብቻለሁ።

ስቱኮውን ራሴ ነው ያነሳሁት፣ ሁለት ማታ ፈጀብኝ፣ ጸጉሩንም በምላጭ ላጨሁት። ከዚያ የፕላስቲክ ፕራይመር ቆርቆሮውን አውጥቶ ያሳየኝ ቀቢ ጋ ወሰድኩት። ጥያቄዎቹን ስጠይቀው ሳቀና «ማን ነው ያስተማረህ?» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ከማለዳው 1 ሰዓት ላይ ረጨው፣ እኔም ቆሜ አየሁ። ፀሐይ ላይ አውጥተን ከፓራፋንጎው ጋር ስናስተያየው በአንድ በኩል ስትቆም ትንሽ ነጣ ይላል፣ በሌላ በኩል ስትቆም አይታወቅም። እናቴ አላወቀችውም። ስንጥቋ የነበረችበትን ቦታ እኔ ራሴ በጣቴ ነው የምፈልጋት።

ሰርጉ የፊታችን እሁድ ነው። ቅዳሜ ላሳጥባትና ፖሊሽ ላስደርጋት አስቤያለሁ፣ ይሆናል?


ቀለም ቀቢው፦

እሰይ! በአንድ በኩል ነጣ የሚለውን ተወው፣ ከፋብሪካ ሲወጡም ፕላስቲኩና ላሜራው ጥቂት የሚለያዩ መኪኖች አሉ።

ፖሊሹ ይቅርብህ። ክሊሩ ላዩ ደርቋል እንጂ ውስጡ ገና እየተነፈሰ ነው፣ አንድ ወር ያህል ሰም የሚባል ነገር አታስቀባው። የጽጌረዳውን ሪባን ስታስሩም በፕላስተር ባምፐሩ ላይ እንዳታጣብቁ፣ ሲላቀቅ ክሊሩን ይዞት ይመጣል። ከኮፈኑ ስር ባለው ብረት እሰሩት። ማጠቢያ ቤትም አትውሰዳት፣ የግፊት ውሃውን አስጠግተው ጠርዙ ላይ ይለቁበታል። ቅዳሜ ማታ ግቢ ውስጥ በባልዲ፣ በለስላሳ ጨርቅ፣ በቀዝቃዛ ውሃ እጠባት።